ሮኬታችን ሽቅብ ሄዳ ትገለበጣለች፤ ምክንያቱን የሚያውቅ አለ?

ጎሚስታው (ቱሉ ዲምቱ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእኔ ሙያ ጎማ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ወጣ ብሎ ጎሚስታ ቤት አለኝ። ስለ ሮኬት የማውቀው ልጆች ያስተማሩኝን ብቻ ነው። ጥያቄዬ የሞኝ ቢመስል ታገሱኝ።

ነገሩ በሃይላንድ ነው የጀመረው። የሰፈር ልጆች ባዶ ሃይላንድ ይዘው መጡና «ጋሼ፣ አየር ሙላልን» አሉኝ። ውስጡ ትንሽ ውሃ አለ። አፉ በጎማ ውታፍ ተደፍኗል። ውታፉ መሀል ላይ የብስክሌት ቫልቭ ሰክተውበታል። አየሩ ሲበዛ ውታፉ ይስፈነጠርና ውሃው ወደ ታች፣ ሃይላንዱ ወደ ላይ ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን መኪና የሚያጥበውን ልጅ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ አጠበው።

ነገሩን ያካበድኩት እኔ ነኝ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ስትመጥቅ ሱቄ ውስጥ ሆኜ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ገና ማለዳ ነበር። የተሸከመቻት የቻይናዋ ሮኬት ሎንግ ማርች 4ቢ ናት። «ለምን እሷን አሳንሰን አንሠራም?» አልኩ። ይኸው ልጆቹ አልለቅም አሉ።

ልኩን እንዲህ አወጣን። ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ወገቡ፣ ከጎን እስከ ጎን፣ በካሊፐር 11 ሴንቲ ነው። የእውነተኛዋ ወገብ 3 ሜትር ከ35 ነው። ሲካፈል 30 ገደማ ይመጣል። እሷ 46 ሜትር ገደማ ከረዘመች የእኛ 1 ሜትር ከ53 ትሆናለች ማለት ነው። ሦስተኛው ክፍሏ ቀጠን ይላል፤ 2 ሜትር ከ90። በእኛ 9 ሴንቲ ከ7 ሚሊ። ከታች ጠርሙሱን አፉን ወደ መሬት አድርገን አስቀመጥን። ከላይ ያለውን ቁመት በአምና ካላንደር ጠቀለልነው፤ ነጩን ጀርባውን ወደ ውጭ። አፍንጫዋን ከቴሌቪዥን ካርቶን ከወጣ ፎም በሞረድ ቀረጽኩት። ነጭ ቀለም ረጨንባት። ስትታይ አትጠገብም!

ትልልቅ ክንፍ አልለጠፍንባትም። መልኳን ያበላሻል ብዬ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ትነሳለች። ቀጥ ትላለች። 10 ሜትር ገደማ ላይ ስትደርስ አንገቷን ጣል ታደርግና በጎኗ ትዞራለች። ከዚያ በአፍንጫዋ ማሳው ላይ ትተከላለች። ሦስት ጊዜ እንደዚሁ ሆነ። አቅም አንሷት ነው ብዬ በጎማ ጌጅ 60 ፒኤስአይ የነበረውን አየር 80 ሞላሁት። ባሰባት። የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ሁለተኛ ጥያቄ። በቴሌቪዥን ያየኋት እንደ አሮጊት ቀስ ብላ ነው የተነሳችው። የእኛዋ በጥፊ እንደተመታ ሰው ነው የምትዘለው። ለምንድን ነው?

መምህሩ (ሰበታ)፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ያንን 80 ተው። አንተ ጎማ ሲፈነዳ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ጠርሙሱም ያው ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ጋዝ እንዲችል ተደርጎ ስለሚሠራ ከውሃ ሃይላንድ ይጠነክራል። ቢሆንም ሲወድቅ ይጫጫራል፣ ይሰነጠቃል፣ ፀሐይም ያደክመዋል። ከ60 አትለፍ። የውሃ ሃይላንዱን ከጨዋታው አውጣው። ኮምፕሬሰርህንም በቀጥታ አትሰካ። ጌጅ ያለው የእጅ ፖምፓ ይሻላል፤ ቱቦውም ረጅም ይሁን። አየር ከገባ በኋላ ማንም ሊነካት አይጠጋ። ውታፉንም ተወው፣ መቼ እንደሚለቅ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንገቱን የሚይዝ ማሰሪያ ሥራና ከሩቅ በገመድ ሳበው።

አሁን ወደ መገልበጡ። ነገሩ የአቅም አይደለም፣ የሚዛን ነው።

ጦር አስብ። ብረቱ ከፊት ነው፣ እንጨቱ ከኋላ። ሰው ጦሩን በእንጨቱ በኩል ቢወረውረው አየር ላይ ይዞራል። ለምን? አየር ላይ ያለ ነገር ሁሉ የሚዞረው በክብደቱ መሀል ላይ ነው። ንፋሱ ደግሞ የሚገፋው በጎኑ ስፋት መሀል ላይ ነው። የክብደቱ መሀል ከፊት ከሆነ ንፋሱ ጭራዋን ወደ ኋላ ይገፋና ያስተካክላታል። ከኋላ ከሆነ ግን ንፋሱ የሚገፋው አንገቷን ነው። ትገለበጣለች።

አንተ የሠራሃት ከታች ጠርሙስ፣ ፕላስተርና ሙጫ አላት። ከላይ አንድ ሜትር ባዶ ካላንደር። ክብደቷ ጭራዋ ላይ ነው፣ ሸራዋ አናቷ ላይ። አየር ስትጨምርባት የባሰባትም ለዚህ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል።

እንዲህ ለካ። ባዶዋን ጣትህ ላይ አጋድማትና የት ላይ እንደምትመዛዘን ምልክት አድርግ። ውሃውን አታስገባ፤ ውሃው ዓይንህን እስክትጨፍን ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ የምትበረው ባዶዋን ነው። ቀጥሎ የጎኗን ቅርጽ ካርቶን ላይ ንደፍና ቁረጠው። ካርቶኑን ጣትህ ላይ አመዛዝነው። ያ የንፋሱ መሀል ነው ብለህ ያዘው። በጣም ትክክለኛ አይደለም፣ ግን የሚሳሳተው ወደ ደህናው ጎን ነው። የሮኬቷ ምልክት ከካርቶኑ ምልክት ቢያንስ በአንድ ወገብ፣ ማለትም በ11 ሴንቲ፣ ወደ አፍንጫው ቀድሞ መገኘት አለበት።

የመጨረሻው ፈተና ደግሞ ገመድ ነው። የክብደቱ መሀል ላይ ገመድ እሰርና ራስህ ላይ አሽከርክራት። በአፍንጫዋ ከሄደች ደህና ናት። በጭራዋ ከሄደች አታስወንጭፋት።

ለሁለተኛው ጥያቄህ፦ ሎንግ ማርች 4ቢ ስትነሳ 250 ቶን ገደማ ትመዝናለች። የሞተሮቿ ግፊት ከክብደቷ የሚበልጠው በጥቂቱ፣ 1.2 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ቀስ ብላ ትነሳለች። የአንተ ጠርሙስ በ60 ሲለቀቅ ከነውሃው ክብደቱን 30 ጊዜ ያህል ይገፋል። ታዲያ እንዴት አትዘል? ሌላም ነገር አለ። ልክን በ30 ስትቀንስ ክብደት በ30 አይቀንስም። 30 በ30 በ30 ነው። 27,000። በዚህ ስሌት ሞዴልህ ከነነዳጇ ከ9 ኪሎ በላይ መመዘን ነበረባት። የአንተ አንድ ኪሎ አትሞላም። መልኳን እንጂ ነፍሷን አላሳነስከውም።

ቀልደኛው (ሰሚት)፦

እኛ ዲግሪ ይዘን ሥራ እንፈልጋለን፣ ጎሚስታው ሮኬት ያመጥቃል። ቆይ ግን በውሃ ከመንጨባረቅ የርችት ባሩድ ብትጨምሩበት ጨረቃ አትደርስም?

ከዴንቨር፦

ቀልድህ ገብቶኛል፤ ግን ይህን የሚያነቡ ልጆች አሉ። ስለዚህ ቀልዱን ትቼ ልመልስ።

እኔ እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞዴል ሮኬት የማስወነጭፍ ሰው ነኝ። የምንጠቀመው በፋብሪካ የተሠራ አንድ ጊዜ የሚነድ ሞተር ነው። በጠቅላላ የግፊት አቅሙ በፊደል ነው የሚመደበው። ኤ እስከ 2.5 ኒውተን ሴኮንድ፣ ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10። ፊደሉ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ለምን በፋብሪካ ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች ቱቦ ውስጥ ራሳቸው እየጠቀጠቁ ጣታቸውን፣ ዓይናቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን ያጡ ነበር። አደጋ የማያደርስ ትንሽ ሞተር የሠራው ኦርቪል ካርላይል ነው። ኢንጂነር እንዳይመስላችሁ። ኔብራስካ ውስጥ የጫማ ሱቅ ነበረው። ባለ ጫማው ከሠራ ባለ ጎማው ምን ያንሰዋል?

ዘመድ በሻንጣ ሞተር እንዲያመጣላችሁ ግን እንዳታስቡ። የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው። ውሃው ይበቃችኋል። ደግሞ ከእኔ የተሻለ ዕድል አላችሁ። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር ታልፋለች። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሮኬቷን የሚይዛት ነገር ያንሳል።

ስለ መልኩ ደግሞ አትጨነቅ። እውነተኛዋ ቀጥ ብላ የምትሄደው ሞተሮቿን እያዘነበለች፣ በኮምፒውተር ነው። አንተ ኮምፒውተር ስለሌለህ ክንፍ የግድ ነው። ግን እኛ ብልሃት አለን። የእውነተኛ ሮኬት ሞዴል ስንሠራ ክንፉን ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ እንቆርጠዋለን። ከአምስት እርምጃ በላይ አይታይም። ፎቶ ላይም አይታይም።

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)፦

ጋሼ፣ እኔ የሕንጻ ሞዴል ስለምሠራ ስለ ካርቶንና ሙጫ ትንሽ ልናገር።

ፕላስቲኩን ኬክ ቤት ይጠይቁ። የትልልቅ ኬክ ክዳን ጠፍጣፋው ክፍል ጥሩ ነው፣ አይተጣጠፍም። ፎቶ ኮፒ ቤት ለጥራዝ ሽፋን የሚሸጡት ግን ስስ ነው፣ ንፋስ ያርገበግበዋል። ሲለጥፉ ጠርሙሱን በትኩስ ሙጫ እንዳይነኩት፤ ፕላስቲኩ ይለሰልስና በዚያ በኩል ይፈነዳል። ክንፎቹን በወረቀት ቀለበት ላይ ይለጥፉና ቀለበቱን ጠርሙሱ ላይ ያጥልቁት። ጠርሙስ ሲቀይሩም ክንፉን ይዞ ይወጣል።

ቀለሙን ደግሞ አይደጋግሙት። አንድ ሽፋን ይበቃል። ከመቀባትዎ በፊትና በኋላ ባለሱቁ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጧት ምን ያህል እንደጨመረች ሲያዩ ይገረማሉ።

ካላንደሩ ግን የትኛው ነው? ከውስጥ በኩል ቅዱሳን ያሉበት ከሆነ እናቴ አትወድልዎትም።

ጎሚስታው (ቱሉ ዲምቱ)፦

የባንክ ካላንደር ነው እህቴ፣ አትስጊ።

መምህር፣ ያልከውን አደረግኩ። ባዶዋ 185 ግራም ናት። የምትመዛዘነው ከጭራዋ 57 ሴንቲ ላይ ነው። ካርቶኑ 74 ላይ። 17 ሴንቲ በተቃራኒው! ገመዱንም ሞከርኩ። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ራሴ ላይ ሳሽከረክራት በጭራዋ ዞረች። ልጆቹ ሳቁ። የግቢው ጥበቃ መጥቶ «ድሮን ነው እንዴ?» አለኝ። ካላንደር ነው አልኩት።

ከኬክ ክዳን አራት ክንፍ ቆረጥኩ፤ 14 በ16 ሴንቲ። የኬክ ቤቱ ልጅ ለምን እንደፈለግኩት ሲሰማ በነፃ ሰጠኝ። ካርቶኑ ላይም ክንፉን ጨምሬ ስመዝነው ከ74 ወደ 60 ወረደ። ክንፎቹ ግን 40 ግራም ሆኑና የሮኬቷ መመዛዘኛም አብሮ ወረደ፤ 48። አሁንም ጭራዋ ከብዶ ቀረ።

ከዚያ ለካ መድኃኒቱ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል። የጎማ ባላንስ እርሳስ! እያንዳንዱ ላይ ግራሙ ተጽፎበታል። 25 ዓመት ሙሉ ጎማ ሲንቀጠቀጥ ይህንን እየለጠፍኩ ነው የኖርኩት። ባለ 10 ግራሙን ስምንት አድርጌ አፍንጫዋ ውስጥ አስቀመጥኩ። አሁን 73 ላይ ትመዛዘናለች። ካርቶኑ 60። 13 ሴንቲ ቀደመች። በገመድ ሳሽከረክራት አፍንጫዋን አስቀድማ እንደ በሬ ቀጥ ብላ ሄደች።

መምህሩ (ሰበታ)፦

ጎበዝ! ግን ያ እርሳስ አስፈራኝ። 80 ግራም ብረት ከ30 ሜትር ሲወርድ ጨዋታ አይደለም። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ እንዳታደርገው። ከፎሙ ኋላ ይግባ፣ ከፊቱ ለስላሳ ስፖንጅ ይኑር። ልጆቹም በባዶ እጅ አይነካኩት፣ እርሳስ መርዝ ነው። ሰዉ ደግሞ ከ20 እርምጃ ያነሰ አይቅረብ። ማሳው የማን ነው? አስፈቅደሃል?

ጎሚስታው (ቱሉ ዲምቱ)፦

አስፈቅጃለሁ። የማሳው ባለቤት የጎማ ደንበኛዬ ናቸው፤ ጋሪያቸውን እኔ ነኝ የምጠግነው። ጤፉ ታጭዶ ተወቅቷል፣ መሬቱ ባዶ ነው። ከፍጥነት መንገዱም ራቅ ይላል። ለወረዳውም ተናገርኩ። «ይፈነዳል?» አሉ። ውሃ ነው አልኳቸው። ሁለቱ ሊያዩ መጡ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጣን። ከረፋዱ በኋላ እኛ ጋ ንፋሱ አያስቆምም። ውሃ 6 ዲሲ ሊትር ያህል፣ የጠርሙሱን አንድ ሦስተኛ መሆኑ ነው። አየር 60፣ በእጅ ፖምፓ። ስንት ዓመት አየር የሸጥኩ ሰው ፖምፓ እየገፋሁ አላበኝ። ማሰሪያውን ከግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧና ከፕላስቲክ ማሰሪያዎች ሠራሁት። ገመዱን የሳበችው ትንሿ ልጅ ናት። ዕጣ አውጥተው ነው የመረጧት።

የመጀመሪያዋ ትንሽ ወደ ንፋሱ አዘነበለች፣ ግን አልተገለበጠችም። ሁለተኛዋ... ምን ልበላችሁ። ቀጥ! አናቷን ሰማይ ላይ ተክላ ሄደች። ነጭ ናት፣ ክንፉ አይታይም፣ ከታች የውሃው ጭስ። ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ። የእውነተኛዋ ጭስ ቡናማ ነበር፤ ነዳጇ መርዛማ ነው አሉኝ። የእኛ ግን ለጤፍ መሬት ይጠቅማል።

ከፍታውንም ለካን። አንዱ ልጅ ፕሮትራክተር ላይ ክር አስሮ ክሩ ጫፍ ላይ ዳዶ አንጠለጠለ። 40 ሜትር ርቆ ቆመ። ጫፍ ላይ ስትደርስ ክሩ 55 ላይ ነበር። ታንጀንት 55 በ40 ሲባዛ 57 ሜትር! ጭፈራ ሆነ። እኔም ጨፈርኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጁ አግድም ሲያይ ክሩ 90 ላይ ነው። ስለዚህ ቀና ያለው 90 ሲቀነስ 55፣ 35 ዲግሪ ነው። ታንጀንት 35፣ 0.7። በ40 ሲባዛ 28 ሜትር። ጠዋት ስነግራቸው አንዱ ልጅ አኮረፈኝ። 28 ሜትር ማለት እኮ የሰፈራችንን ጂ+4 ሕንጻ እጥፍ ገደማ ነው አልኩት። አሁንም አኩርፏል።

የቀረን ቀስ አድርጎ የሚያወርዳት ጃንጥላ ነው። ሮኬቷ የከፍታዋ ጫፍ ላይ ስትደርስ አፍንጫዋ ራሷ እንድትወድቅና ጃንጥላው እንዲወጣ ነበር ያሰብነው። አልወጣም። አፍንጫዋን አጥብቄ ነው የገጠምኳት፤ የጎማ ሰው ነኝ፣ ነገር ላላ ሲል አልወድም። በአናቷ ወርዳ ማሳው ላይ ተተከለች። ፎሙ ተጨፈለቀ፣ ስፖንጁ ግን እርሳሱን ያዘው። ጠርሙሱ ጫፉ ተሰንጥቋል፣ ጣልኩት። የማሳው ባለቤት ጉድጓዱን በእግራቸው ሸፈኑና «ለበልግ ይሄንን መሬት እናንተው ታርሱታላችሁ» አሉ።

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)፦

ጋሼ፣ አፍንጫዋን በጣትዎ ገልብጠው ሲይዟት በራሷ ክብደት ሸርተት ብላ መውጣት አለባት። የሚገባውን ክፍል በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ይሞርዱት። የጃንጥላው ጨርቅ ምንድን ነው?

ጎሚስታው (ቱሉ ዲምቱ)፦

የባለቤቴ ጃንጥላ ነበር። ሳታውቅ ቆርጬው አሁን ቤት ውስጥ ወሬው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ 1 ሰዓት እንደግመዋለን። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ወይም ገላን አካባቢ ያላችሁ፣ ሽቦው የተሰበረ ጃንጥላ ካላችሁ አትጣሉት። ጨርቁ ብቻ ይበቃኛል።